ሁለት ሰከንድ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሞተር ሳይክሌ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ዕድሜው ከታላቅ ልጄ ይበልጣል። የፍጥነት መለኪያው መርፌ መንቀጥቀጥ የጀመረችው ከፋሲካ በፊት ነበር። በ40 ስነዳ ዝንብ እንዳስቸገራት ላም ጅራት በ30 እና በ50 መካከል ትወዛወዛለች። ምክንያቱ አልጠፋኝም። ከፊት ጎማው እምብርት ተነሥቶ እስከ መለኪያው የሚወጣው ገመድ ውስጡ ደርቆ ነበር። ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ይዞ ሲለቅ መርፌዋም አብራ ትዘላለች። መድኃኒቱ ሽቦውን መዝዞ ማውጣት፣ በነጭ ጋዝ መጥረግ፣ ከዚያ በስሱ ግራሶ መቀባት ነው። እኔ ታዲያ “በስሱ” የምትለዋን ቃል ዘለልኳትና ለአራስ ገንፎ ቅቤ እንደሚፈስ አፈሰስኩበት።

ያ ሽቦ የተገመደ ነው። ሲሽከረከር ግራሶውን እንደ ብሎን ጥርስ ይዞ ወደ ላይ ይገፋዋል። ለዚህም ነው የላይኛው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ደረቁን መተው ያለበት። አልተውኩትም። መርፌዋ አንድ ሳምንት ያህል ጸጥ ብላ ሠራች፤ እኔም በየቡና ቤቱ የእጄን ሙያ አወራሁ። በስምንተኛው ቀን ከጅማው ሂርማታ መርካቶ ወደ ቤት ስመለስ ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ቀደመኝ። መለኪያዬን ባየው 70 ይላል። ቆሜ ሞተሩን አጠፋሁ። መርፌዋ 20 ላይ እንደተኛች ቀረች።

መለኪያውን ፈትቼ በፌስታል ጠቅልዬ የወሰድኩት ወደ ጋራዥ አይደለም። መርካቶው ጥግ ላይ ባለች የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ሰዓት የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ስልክ ሰዓትን ከሰው እጅ ካስወለቀ ወዲህ ሥራቸው ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ መብሳት ሆኗል። ከአስር ሶላት በኋላ ደረስኩባቸው። ፌስታሉን ፈትተው ዕቃውን ገለባበጡት።

“ይህ የእኔ ሥራ ነው ወይስ የመካኒክ?”

“ውስጡ የፀጉር ሞላ አለ፣ ጋሼ።”

ሰዓት ውስጥም ያለውን ያን እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥምዝ ሽቦ ስጠራባቸው መነጽራቸውን ዐይናቸው ላይ አደረጉ።

አከፋፈቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መስታወቱን የያዘው የብረት ቀለበት ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ በትንሽ ካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት፣ ዙሪያውን እየዞሩ መገልበጥ ነው። የቸኮለ ይሰነጥቀዋል። እሳቸው ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፤ እኔ ብሆን አሥር ደቂቃና አንድ የተሰበረ መስታወት ይበቃኝ ነበር። ሲከፈት ውስጡ በጥቁር ግራሶ ተለውሷል።

እዚህ ላይ ተከራከርን። መርፌዋ የቆመችበት ዘንግ ጫፍ ላይ ከቡና ሲኒ ያነሰች የአሉሚኒየም ጽዋ አለች። በጽዋዋ ውስጥ ገመዱ የሚያሽከረክረው ማግኔት ይዞራል። ሁለቱ አይነካኩም። ጋሼ ማግኔቱን አወጡና ጽዋዋ ላይ ለጠፉት። አልያዘም፤ አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም።

“እንግዲህ የማይነካውንና የማይስበውን በምን ያዞረዋል?”

መልሼ ገጠምኩትና ማግኔቱን በጣቴ አሾርኩት። ጽዋዋ ተንቀሳቀሰች። እሳቸውም አሾሩት፤ ደግመው አሾሩት። የሚዞር ማግኔት በብረቱ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጅረቶችን ያስነሣል፣ ጅረቶቹም ራሳቸው ለጊዜው ማግኔት ይሆኑና ጽዋዋን ይጎትቷታል፤ ማግኔቱ በፈጠነ ቁጥር ጉተታው ይበረታል፣ የፀጉር ሞላው ደግሞ ወደ ኋላ ይይዛታል፤ መርፌዋ የምትቆመው ጉተታና ሞላ እኩል በሆኑበት ቦታ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። በጽዋዋና በማግኔቱ መካከል ያለው ክፍተት አየር ብቻ መሆን ሲገባው የእኔ ግራሶ ገብቶበት ጽዋዋን በእጅ እንደ መግፋት ሆኖባታል። ባጃጅ እየቀደመኝ 70 ያነበብኩት ለዚህ ነው።

ይህን ዘዴ ኦቶ ሹልዘ የሚባል ጀርመናዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 እንዳስመዘገበው ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና “ያኔ ጅሬን ላይ አባ ጅፋር ነበሩ” አሉ። ከዚያ ቀጠሉና “እስከ ዛሬ አልለወጡትም?” አሉኝ። በአዳዲሶቹ ላይ ለውጠውታል፤ የእኔው ግን አሁንም በሹልዘ ሕግ ይተዳደራል።

ማጽዳቱን በንጹሕ ቤንዚን፣ በብሩሽ ጫፍ አደረጉት፤ የቁጥሮቹን ቀለም አንዲት ጠብታ እንዳትነካው እየተጠነቀቁ። ሞላውን ሲያነሡ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። እነዚያ ጣቶች ስንት ዓመት ባትሪ ብቻ ሲቀይሩ መክረማቸው አናደደኝ።

ሁለተኛውም ጥፋት የእኔ ነው። መርፌዋ ዜሮ ላይ ስትሆን የምታርፈው ትንሽ እንቅፋት ላይ ነው። ከመንቀሏ በፊት በቀስታ አንሥቶ ያን እንቅፋት ማሻገርና ሞላው ሳይገፋ ሳይጎተት በራሱ የት ላይ እንደሚያሳርፋት ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ያች ነጥብ የመለኪያው እውነተኛ ዜሮ ናት። እኔ በሁለት ማንኪያ ጀርባ መዝዤ አወጣኋትና ጉራዬን ቸረቸርኩ። ምልክት የለም። ከጽዳቱ በኋላ በግምት ተከልኳት፤ ግምት ደግሞ ያው ግምት ነው።

መፍትሔው እዚያው ዕቃ ውስጥ ነበር፣ የገባኝ ግን ሌሊት በአልጋዬ ላይ ነው። መለኪያው ውስጥ ሁለት ምስክሮች አሉ። አንዷ መርፌዋ ናት፤ ማግኔቱ ቢደክም፣ ሞላው ቢላላ፣ ግራሶ ቢገባ ቃሏን ትለውጣለች። ሌላው ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው፤ እሱ ከማግኔት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ከዚያው ገመድ በጥርስ ተያይዞ ስለሚዞር ወይ ይቆጥራል ወይ ተሰብሮ ይቆማል። መርፌዋ ባበደችበት ሳምንት እንኳ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ነድቼ ከወንድሜ ልጅ ስልክ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ 100 ሜትር አልሞላም ነበር። ስለዚህ ቆጣሪውንና ሰዓትን አንድ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ሰከንድ እንደተቆጠረ ካወቅሁ 3600ን ለዚያ አካፍላለሁ፣ ፍጥነቱ ይወጣል።

በማግስቱ በርጩማ ከሚሠራ አናጺ ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ተዋስኩ። ከተበጠሰ ገመድ አራት ማዕዘን ጫፉን ቆርጬ አፉ ላይ አሰርኩና ከመለኪያው ጀርባ ሰካሁት። መጀመሪያ ወደ ግራ አዞርኩት። መርፌዋ እንቅፋቷን ተደግፋ ቆመች፣ ቆጣሪው ግን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ጋሼ ሳቁና “ተወው፣ የሚሸጥ መኪና ያለው ሰው እንዳያይህ” አሉኝ። አቅጣጫውን ቀየርኩና ቁልፉን ቆልፌ፣ እሳቸው በሰዓታቸው ያዙልኝ። አንድ ኪሎ ሜትር በ72 ሰከንድ፦ ትክክለኛው 50፤ መርፌዋ 56 ትላለች። ቀስ አደረግነው። በ120 ሰከንድ፦ ትክክለኛው 30፤ መርፌዋ 36። ከዚያ መብራት ጠፋና ቡና ጠጣን።

ያ ቡና የጠጣንበት ሰዓት ጠቀመ፤ ቁጥሮቹን አየኋቸው። ስሕተቱ ከፍጥነቱ ጋር ቢያድግ ኖሮ የታመመው ሞላው ወይም ማግኔቱ ነው፤ ማግኔቱ የደከመ መለኪያ ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ ሞላው የላላ ደግሞ ከፍ አድርጎ። እኔ ዘንድ ግን በ30ም በ50ም ስድስት ነው። ታማሚ የለም፤ መርፌዋ ስድስት ቁጥር ያህል አልፋ ተተክላለች እንጂ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።

መብራት ሲመጣ ሌላ ክርክር ተነሣ። ፋብሪካዎች የፍጥነት መለኪያን ሆን ብለው ጥቂት ከፍ አድርገው እንዲያነብ ይሠሩታል፤ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ማንበብን የአውሮፓ ሕግ አይፈቅድም፤ ጥቂት ከፍ ማለትን ግን ይታገሣል። ስለዚህ እኔ ሁለት ቁጥር ያህል ትርፍ እንተውላት አልኩ። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ሰዓቱን አሥር ደቂቃ አስቀድሞ የሚሞላ ሰው አይተሃል? ቀጠሮ ላይ ግን ያው ይዘገያል፤ አሥሩን ደቂቃ ራሱ ያውቃታላ! እውነቱን አድርገው።”

እሺ አልኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ሰው ሲያነጋግሩ መርፌዋን ነቅዬ ስድስት ሳይሆን አራት መለስኳት። ሕሊናዬ ብዙም አልቆረቆረኝም፤ በጅማ ክረምት በረጠበ አስፋልት ላይ የምነዳው እኔ ነኝ።

ዛሬ ቀለበቱን አጥፈን ዘጋነው። ቆጣሪው ጠረጴዛ ላይ የተሄደውን 14 ኪሎ ሜትር ጨምሮ 41,876 ይላል። ገመዱን በስሱ፣ ስንዝር ትቼ ቀባሁት። ወደ ቦዬ በሚወስደው መንገድ ብቻዬን ወጥቼ ሞተሩ ያን የማውቀውን ድምፅ እስኪያሰማ ነዳሁ፤ ጓደኞቼን በ80 ነው የምሄደው እያልኩ ያሰለቸሁበትን ድምፅ። መርፌዋ 68 ላይ ቆመች። ከትርፏ ጋር መሆኑ ነው። ለካ የድሮዋ መርፌም ሳትንቀጠቀጥ ስትዋሸኝ ኖራለች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ለሥራቸው ገንዘብ ስሰጣቸው ጋሼ እንቢ አሉ። በምትኩ ከኋላ ተቀምጠው አንድ ኪሎ ሜትር በትክክል በ60 እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ወሰድኳቸው። የቆጣሪው የመጨረሻ ቁጥር ሲዞር “ጀምር!” አልኳቸው፣ መርፌዋን 60 ላይ እንደ ችንካር ያዝኳት፣ ቁጥሩ ዳግመኛ ሲዞር “በቃ!” አልኩ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ሰዓታቸውን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው አዩት፣ ከዚያ ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡት።

“ስልሳ ሁለት” አሉ።

ዝም አልኩ።

“የእኔ ሰዓት በቀን ሁለት ሰከንድ አይስትም፤ በደቂቃ እንዴት ሁለት ይስታል?” አሉና ከትከሻዬ በላይ አንገታቸውን አስግገው መርፌዋን ረጅም ጊዜ ተመለከቷት።