የብርድ ወራት ክራፒ

ዲሴምበር ገባ። ለእኔ የሌክ ፎርክ ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ሐይቁ ከዳላስ በስተምሥራቅ ነው፤ ሰው ሠራሽ ነው። ግድቡ ሲገደብ ብዙው ዛፍ ስላልተቆረጠ ግንዶቹ ዛሬም ውሃው ውስጥ እንደቆሙ ናቸው። አሳ መጠለያ ይወዳል፤ እዚህ ደግሞ ሞልቶለታል።

ሌክ ፎርክ ስሙ የገነነው ባስ በሚባለው አሳ ነው። የቴክሳስ የባስ ክብረ ወሰን የተያዘው እዚሁ ነው፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1992፣ 18.18 ፓውንድ፤ ስምንት ኪሎ ያልፋል። ደስ የሚለኝ ግን ያን ባስ ያወጣው ባሪ ሴንት ክሌር ወደ ሐይቁ የወጣው ክራፒ የምትባለዋን አነስ ያለች አሳ ፍለጋ መሆኑ ነው።

እኔም የክራፒ ሰው ነኝ። ጠፍጣፋ ናት፤ ብርማ ገላዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለባት። አፏ ስስ ስለሆነ በኃይል ከተሳበች ይቀደድና ታመልጣለች። የምታየው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ መንጠቆው ከእሷ ከፍ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ ከሥሯ ከወረደ አበቃ። ስትጎርሰውም ብዙ ጊዜ ክሩን አትጎትተውም። ይዛው ወደ ላይ ስለምትወጣ ክሩ ይላላል። ያቺን መላላት ስጠብቅ ብርዱንም እረሳዋለሁ።

እዚህ ሐይቅ ላይ አንድ የምወደው ሕግ አለ። በሌላው ጊዜ ከ10 ኢንች ያነሰች ክራፒ ወደ ውሃ ትመለሳለች። ከዲሴምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ግን የርዝመት ገደብ የለም። የያዝከውን ሁሉ ትወስዳለህ፤ 25 ሲሞላ ታቆማለህ። ትንሽ ናት ብሎ መመለስ ክልክል ነው። ምክንያቱም በብርድ ክራፒ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ትሰበሰባለች። ከዚያ ስትወጣ ግፊቱ በድንገት ይቀንስና ሆዷ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል። ብትለቃትም የመትረፍ ዕድሏ ትንሽ ነው።

አብረውኝ የሚያጠምዱ አንድ የሐዋሳ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን አንዲት ሚጢጢ ክራፒ ይዘው፣ «ኧረ ይህቺስ ትደግ ልጄ፣ ልልቀቃት» አሉኝ።

«አታድግም ጋሼ። ብንለቃትም ትሞታለች።»

ዝም ብለው አዩዋትና ባልዲው ውስጥ ጨመሯት። ከዚያም፣ «እንግዲያው የሚበቃንን አስቀድመን እንወስን» አሉ።

ልክ ናቸው። ይዞ መልቀቅ ሁልጊዜ ደግነት ይመስለናል። ለባስ እውነት ነው። እዚህ ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለው ባስ መመለስ አለበት፤ ሐይቁ ትልልቅ ባስ የሚያሳድገው አንዱም በዚህ ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያለች ክራፒ ላይ ግን ደግነቱ መንጠቆው ከመጣሉ በፊት ነው የሚያስፈልገው። አሁን የሚበቃንን ስንይዝ ዘንጋችንን እንሰበስባለን። «እስቲ አንድ ትልቅ ብትመጣ» እያሉ መቆየት የለም።

ወቅቱ ደግሞ ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል፤ በዚህ ጾም አሳ የሚበላው ብዙ ነው። ጋሼ ዱቄት ነካ ነካ አድርገው በዘይት ይጠብሱታል፣ ዳጣውን አጠገቡ ያቀርባሉ። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ከሐዋሳው ቆሮሶ አያንስም ይላሉ። ለቅዳሜ ነፋሱ ቀላል ነው ተብሏል፤ ድልድዩ አጠገብ እንሞክራለን።