ቮልሷ ዝም ስትል

ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋራዥ ደረስኩ። የጥቅምት ብርድ እጅ ያደርቃል። መካኒኬ ጋሼ ቀድመውኝ ገብተው ሞተሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር። "በርዳለች፤ እንጀምር" አሉኝ። የቮልስ ቫልቭ፣ ማለትም ሲሊንደሩን የሚከፍትና የሚዘጋው በር፣ የሚስተካከለው ሞተሩ አድሮ ሲበርድ ነው። ለዚህ ብዬ ትናንት ማታ እዚያው ትቻት ሄጄ ነበር።

መኪናዋ የአባዬ ናት። እ.ኤ.አ. የ1969 ሥሪት፣ ባለ 1300። እኔ ከመወለዴ በፊት ነው የገዛት። አሁን 78 ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ካለው ሦስት ዓመት አለፈ። ቁልፉን ሲሰጠኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ድምጿን ስሚ።"

ሰማሁ፤ ግን አልገባኝም። ከኋላዋ ይሰማ የነበረው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሁለት ወር ወዲህ ሲቀንስ ደስ ብሎኝ ነበር። ዘይት ስላስቀየርኩላት መሰለኝ። ትናንት ለጋሼ በኩራት ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ዝም አለች? ከመቼ ጀምሮ?"

ከጋሼ ጋር ያገናኘን ሌላ ብልሽት ነው። ነሐሴ ላይ ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ ሽሮ ሜዳን እንዳለፍኩ ሞተሩ ጥፍት አለ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ብሞክራት ምንም እንዳልሆነ ተነሳች። በሳምንቱ ደገመችው። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ "የቤንዚን ፓምፕ ነው" ተባለና ተቀየረ። ጠፋች። ካርቡራተሩ ተፈትቶ ታጠበ። ጠፋች። አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ። አሁንም ዳገቱ ላይ ጠፋች። ያወጣሁት ገንዘብ ቢያንገበግበኝም የበለጠ የከነከነኝ ሌላ ነው። ስትጠፋ ያያት አንድም መካኒክ አልነበረም። ሁሉም ኮፈኑን የሚከፍቱት ከቀዘቀዘች በኋላ ነው። ሲሞቅ የሚመጣ ብልሽት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይደበቃል።

ጋሼ ምንም ሳይፈቱ "ነይ እንውጣ፤ እስክትጠፋ እንሂድ" አሉኝ። ሄድን። ያው ዳገት ላይ ጠፋች። ገና ትኩስ እያለች ወረዱና እሳቱን ከሚያመነጨው ቦቢና ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ነቀሉ። እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ይዘው ጫፉን ከሞተሩ ብረት ትንሽ አራቁት። "አስነሺ!" ሞተሪኖውን አዞርኩ። "ነይ እዪ" ብለው እኔን ጠሩና ቁልፉን ሌላ ሰው ያዘው። ብልጭታ አለ፤ ግን ቢጫ ነው፣ ስስ ነው፣ አንዳንዴም ይዘላል። ጤነኛው ሰማያዊ ነው፤ ሲመታም ጣ ጣ እያለ ይሰማል። "ቤንዚኑ ምንም አልሆነም ልጄ። እሳቱ ነው የደከመው።"

ጥፋቱ ያለው ኮንደንሰር ላይ ነበር። ከዲስትሪቢውተሩ ጎን በአንድ ብሎን የምትታሰር፣ የጣት ጫፍ የምታክል ቆርቆሮ ናት። ሲሞቃት ትሰንፋለች፣ ሲበርዳት ትመለሳለች። ሶማሌ ተራ ሁለት ሰዓት ዞሬ አዲስ አገኘሁላት። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 ነው ያወጣው። ግን በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠሩ ዕቃው እስካሁን አልጠፋም። የኮንደንሰሯ ዋጋ ያለ ጥፋቱ ከተጣለው ፓምፕ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጦጦን አንዴም ሳትቆም ትወጣለች።

የዚያን ዕለት ሌላም ነገር አሳዩኝ፤ ይህን ለማንኛውም ባለ ቮልስ መንገር እፈልጋለሁ። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ ቤንዚን የሚወስደውን ጎማ በሁለት ጣታቸው ቀስ ብለው አጠፉት። ላዩ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጠቀ። እኔ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ሳይታጠፍ ግን ደህና ይመስላል። እሱ ቢቀደድ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው ትኩስ ሞተርና ብልጭታ ላይ ነው። ብዙ ቮልስ ተቃጥሎ የቀረው በዚህ ጎማ ነው። ሳይቀየር አላስነዳ አሉኝ፤ ልክ ናቸው።

ስለ ቺንጊያውም ያኔ ነው የተማርኩት። ዲናሞውንም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም የሚያዞረው ያ አንድ ቺንጊያ ነው። ራዲያተር የለም፣ ውኃ የለም። ስለዚህ ቀይዋ መብራት ስትበራ "ባትሪ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ" አይባልም። እዚያው ቆሞ ማጥፋት ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ተኩል ያህል ቢገባ በቂ ነው።

አዲሶቹ ካንዴላዎች ቶሎ መጥቆራቸውም ምክንያት ነበረው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ አየር የተለካ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጥላሸቱ ከዚያ ነው። ጋሼ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበ ቀየሩልኝ።

ወደ ዛሬ ጠዋት ልመለስ።

ጋሼ ካርቶን አንጥፈው ከሥር ገቡ፤ እኔም አጠገባቸው ተኛሁ። የቫልቩን ክዳን የያዘውን ሽቦ በካቻቪቴ ወደ ታች ሲገፉት ትንሽ ዘይት ጠብ አለ። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን ክፍተት የምትለካ፣ ምላጭ የመሰለች መለኪያ አወጡ፤ 0.15 ሚሊሜትር። አንደኛው ሲሊንደር ላይ ስታልፍ ያዝ ለቀቅ እያደረገች ገባች። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሞተሩን በእጅ አዙረው ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የጢስ ማስወጫው ቫልቭ ጋ መለኪያዋ አልገባም አለች። መለኪያዋን ለኔ ሰጡኝ። ሞከርኩ፤ ግድግዳ ላይ እንደ መግፋት ነው። ክፍተት የሚባል የለም።

"አየሽ? ዝም ያለችው ለዚህ ነው።"

ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ የክፍተቱ ድምፅ ነው። ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ በሄደ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፣ ድምፁም ይጠፋል። በመጨረሻ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል። ሙቀቱን የሚያራግፈው ደግሞ ተዘግቶ ከመቀመጫው ጋር ሲገናኝ ነው። ካልተዘጋ ይቃጠላል፤ ሲብስበት አንገቱ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቃል። ያኔ ፒስተኑም ቴስታታውም አብረው ይሄዳሉ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ተሻላት ብዬ የተደሰትኩት ወደዚያ እየሄደች ሳለ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ሆዴ ባባ።

ለምን ሦስተኛው? እንደኛዋ ባሉት የቆዩ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ልክ ለሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ይበልጥ የሚሞቀው እሱ ነው። ፋብሪካው ቦታውን ያስተካከለው እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው።

ጋሼ ዳዶውን አላልተው፣ ብሎኑን በካቻቪቴ ጥቂት መልሰው፣ መለኪያዋ ያዝ ለቀቅ ስትል አጠበቁት። ከዚያ የሲሊንደሩን ግፊት ለኩ። ከሌሎቹ ትንሽ ያንሳል፤ ግን አልተቃጠለም። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደርሰንባታል። ከእንግዲህ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ትመጪያለሽ" አሉኝ። የክዳኖቹን ጓርኒሲዮን ቀይረን አስነሳናት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ከቀትር በፊት ቤት ደረስኩ። አባዬ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ጆሮው ስለደከመ ሳላጠፋት ደግፌ ወስጄ ከፊት ወንበር አስቀመጥኩት። መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ሦስተኛዋን አዩልሽ?" አለኝ።