የድሮዋን መንቆረር በጆሮ፦ ደብረ ማርቆስን በእግር የሚያስጎበኝ ድምጽ እንዴት እንደሰራሁ

ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ጓደኞቼ ወደ ባህር ዳር ሲያልፉ ደብረ ማርቆስ አደሩ፣ ጠዋት እኔ ስራ ስለነበረኝ ዞር ዞር በሉ ብያቸው ሄድኩ። ምሳ ላይ ስንገናኝ አንደኛው "ደስ የምትል ከተማ ናት፣ ግን የድሮ ነገር የላትም አይደል?" አለኝ። አንጀቴ ነው ያረረው። የሄደበትን መንገድ ሲነግረኝ እኮ በማርቆስ ቤተክርስቲያን በር አልፏል፣ የንጉሡን ቤተ መንግስት አይቶት አልፏል፣ የንጉሥ ተክለሃይማኖትን አደባባይ ባጃጅ ላይ ሆኖ ዞሮታል። የነገረው ሰው ስለሌለ ምንም አላየም።

የዛኑ ቀን ማታ ነው የጀመርኩት። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ሰው ስልኩን ኪሱ ከቶ ኤርፎን ሰክቶ ብቻውን እየተራመደ፣ ቦታው ላይ ሲደርስ ድምጽ ከፍቶ ይሰማል፣ አስጎብኚ አይጠብቅም፣ ሲደክመው ሻይ ጠጥቶ ይቀጥላል።

ታሪኩን እንደማውቀው ነበር የማስበው። ከተማዋን በ1845 ዓ.ም. አካባቢ የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው፣ ያኔ ስሟ መንቆረር ነው። ደብረ ማርቆስ የተባለችው ራስ አዳል ተሰማ የማርቆስን ቤተክርስቲያን ካሰሩ በኋላ ነው፣ እኚሁ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በአጼ ዮሐንስ እጅ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ (የጎጃምና የከፋ ንጉሥ) ሆነው ተክለሃይማኖት ተባሉ፣ በዓመቱ ግድም እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸነፉ ተማረኩም። ይሄን ሁሉ አስራ አራት ገጽ አድርጌ ጻፍኩና በራሴ ድምጽ አነበብኩት፣ አንዱ ማቆሚያ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። በጣም ኮርቼበት ነበር።

መጀመሪያ ያስሞከርኳት አክስቴን ነው። እዚሁ ተወልዳ ያረጀች ናት፣ ኤርፎኑን እኔ ነኝ ጆሮዋ ላይ ያደረግኩላት ነጠላዋን ገለጥ አድርጌ። ቤተ መንግስቱ ጋ ቆመን ድምጹ ስለ እምባቦ እያወራ ነው፣ ሶስተኛው ደቂቃ ላይ አወጣችውና "ልጄ፣ ታሪኩን ከመንገርህ በፊት የት እንደምቆም ንገረኝ እንጂ፣ ፀሐዩ እኮ አናቴን በላው" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ "የምትለው ነገር የቱ ጋ ነው? እኔ የማየው ግንብ ነው" አለች።

አስራ አራቱንም ገጽ ጣልኩት። የጻፍኩት ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው እንጂ ለቆመ ሰው አልነበረም። አዲሱን ስጽፍ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጥኩም፣ ቦታው ላይ ሄጄ ቆሜ ያየሁትን እያወራሁ ስልኬ ላይ ቀረጽኩና ከዛ ነው ወደ ጽሁፍ የገለበጥኩት። እያንዳንዱ ማቆሚያ የሚጀምረው "ጥላው ስር ቁሙ፣ ጀርባችሁን ለበሩ ስጡ፣ አሁን ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩት" በሚል ነው፣ ንጉሡ የሚመጡት አይን የሚያርፍበት ነገር ካገኘ በኋላ ነው። ከሶስት ደቂቃ የሚበልጥ የለም። አንድ ገጽ ሙሉ ስታነበው በኔ አነባበብ ሶስት ደቂቃ ይወጣዋል፣ ስለዚህ ከገጽ ያለፈውን ሁሉ ያለ ርህራሄ ቆረጥኩት።

መንገድ ማመላከቱ ከታሪኩ የበለጠ አስቸግሮኛል። በመንገድ ስም የሚሄድ ሰው የለንም፣ ሁሉም "ከዛ ዝቅ ብሎ፣ ከዛ ከፍ ብሎ" ነው። "ሰማያዊው ሱቅ ጋ ወደ ግራ ታጠፉ" ብዬ ቀርጬ ሁለት ወር ሳይሞላ ሱቁ አረንጓዴ ተቀባ። አሁን በማይቀባ ነገር ነው የምመራው፣ በዳገት፣ በቁልቁለት፣ በቤተክርስቲያን በር፣ ትልቅ ዛፍ ካለ በዛፍ። ጂፒኤስ ደርሶ ራሱ ድምጹን እንዲከፍት አድርጌም ሞክሬ ነበር፣ ስልክ ሜዳ ላይ ሲሆን በአምስት ሜትር ገደማ ነው የሚሳሳተው ግን ዛፍ ስርና ግንብ ጥግ ሲሆን ስህተቱ ይጨምራል፣ እኔ ደግሞ ለየማቆሚያው ሰላሳ ሰላሳ ሜትር ዙሪያ ሰጥቼ ስለነበር ተቀራርበው ያሉት ሁለቱ ተደራረቡና ስለ አንዱ እየሰማህ ሌላው ይጀምራል። ተውኩት። በቁጥር የተሰየሙ አስራ አንድ ፋይሎች በቴሌግራም፣ በቃ። ሰውየው ራሱ ይክፈት።

ኔትወርክ እንደልብ ስለማይገኝ ሁሉም ቀድሞ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ መጀመሪያ ባለማወቅ በከፍተኛ ጥራት ስቴሪዮ አድርጌ አውጥቼው ሰባ ሜጋ ባይት አለፈ፣ ማን ዳታውን ያቃጥልልኛል? የሰው ድምጽ ብቻ ከሆነ ሞኖ (ለሁለቱም ጆሮ አንድ ድምጽ) በሰከንድ በ64 ኪሎ ቢት ይበቃል፣ አንድ ደቂቃው ግማሽ ሜጋ ባይት አይሞላም፣ ሰላሳ ሁለቱ ደቂቃ በጠቅላላ አስራ አምስት ሜጋ ባይት ገደማ ሆነ። ቀረጻውን ያስተካከልኩት ኦዳሲቲ በሚባል የድምጽ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፣ ነጻ ነው።

ለድምጹ ስቱዲዮ አያስፈልግም፣ ጋቢ ተከናንቦ መቅዳት ይበቃል፣ እውነቴን ነው፣ ማስተጋባቱን ያጠፋዋል። ውጭ ሲሆን ነፋሱ አስቸጋሪ ስለሆነ ማይኩን ካልሲ አልብሼዋለሁ። የማይረሳኝ ግን አንድ ሽማግሌ አባት በልጅነታቸው ከውትርን ወንዝ ውሃ ሲቀዱ የነበረውን እያወሩልኝ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ዝናብ ብቻ ነው የተቀዳው። ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። "ቆይ አባ" ማለት ነበረብኝ፣ እሳቸውም አይቀየሙም ነበር። በመስከረም ተመልሼ ስሄድ ታመው አገኘኋቸው፣ ያን ጨዋታ ደግመው አላወሩትም።

የማርቆስን ቤተክርስቲያን በተመለከተ ደግሞ ውስጥ ያሉትን ስዕሎች እያንዳንዳቸውን በድምጽ ላስረዳ ፈልጌ ነበር። አንድ መሪጌታ አማከርኩና "ኤርፎን ሰክቶ ቅኔ ማህሌት የሚገባ ሰው ለቅዳሴው ምን ሊሆን ነው?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ያ ማቆሚያ ደጀ ሰላሙ ጋ ያልቃል፣ "አሁን ኤርፎናችሁን አውልቁ፣ ጫማችሁንም አውልቁ፣ ስትወጡ እንቀጥላለን" ይላል፣ ስዕሉን የሚያስረዳ ሰው ውስጥ አለ። ሚያዝያ 30 ለማርቆስ ንግስ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያን ቦታ ነው የሚያነሳልኝ።

ከባዱ ራስ ኃይሉ ነበሩ። የንጉሥ ተክለሃይማኖት ልጅ ናቸው፣ በ1916 ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓ የሄዱ፣ በ1924 የተሻሩ፣ ኋላ ከጣሊያን ጋር ያደሩ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ ከመግባታቸው አንድ ወር ቀደም ብለው ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ለሳቸው የገበሩትም እዚሁ ነው። ይሄን አደባባይ ላይ ስታወራ አንዱ ይናደዳል፣ ሌላው "በላይ ዘለቀ ለአምስት ዓመት በዱር ሲዋጋ ከርሞ በ1937 ተሰቀለ፣ ስለሱ ለምን አሳጠርከው" ይልሃል። መጀመሪያ ሁሉንም ለማስደሰት ብዬ አለስልሼ ጻፍኩት፣ ማንንም አላስደሰተም። አሁን የሆነውን በዓመተ ምህረቱ እናገርና ከዛ የሁለት ሽማግሌዎችን ድምጽ ተራ በተራ አስገብቻለሁ፣ አይስማሙም፣ ሳላስታርቃቸው ነው የተውኩት።

ማቆሚያ ሰባት አንድ ቤት ነበር። ታች ድንጋይ፣ ላይ እንጨትና ጭቃ፣ ትንሽ ሰገነት ያለው፣ የሰገነቱ እንጨት በእጅ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ባለፈው ዓመት ፈርሶ አሁን የባህር ዛፍ መወጣጫ ቆሞበታል። ፋይሉን ላጠፋው ነበር፣ አክስቴ ከለከለችኝ። ድሮ የቀዳሁት እንዳለ ነው፣ ከፊቱ ብቻ እንዲህ የሚል ጨምሬበታለሁ፦ "አሁን የምታዩት አዲስ ግንባታ ነው፣ እኔ ይሄን ስቀዳ ግን ቤቱ ነበረ፣ ቁሙና ልንገራችሁ።"