ዜሮ የተባለው ስዋፕ

የዲስኩ ምስል፣ ማለትም መላው ዲስክ የተቀዳበት አንድ ፋይል፣ 13 ጊጋባይት ነበር። በውስጡ ያሉት ፋይሎች ግን ሁሉም ቢደመሩ ከ6 አይበልጡም። ለደንበኞች የምናስረክበው የሊኑክስ ቨርችዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ስለሆነ፣ በቀርፋፋ መስመር ለሚያወርዱት ሰዎች ያ ትርፍ 7 ጊጋባይት የብዙ ሰዓት ጥበቃ ነው። ሎጎቹን አጸዳሁ፤ የወረዱትን ጥቅሎች ሰረዝኩ፤ የፋይል ሥርዓቱን ባዶ ቦታ በዜሮ ሞልቼ ምስሉን እንደገና ኪውካው ወደተባለው የዲስክ ምስል ቅርጸት ቀየርኩት። ቀያሪው ዜሮ ብቻ የያዘውን ቦታ ዘሎ ያልፋል። ከ20 ወደ 13 ያወረድኩት በዚህ መንገድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈቀቅ አልል አለኝ።

ከክፍላችን በዕድሜም በቆይታም ታናሽ የሆነችው ባለሙያ ከጀርባዬ ቆማ ቁጥሮቹን ትመለከት ነበር።

«ስዋፑ ስንት ነው?» አለች።

«8 ጊጋባይት።» ስዋፕ ማለት የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሜሞሪው ሲሞላ ከውስጡ የተወሰነውን ለጊዜው የሚያስቀምጥበት የዲስክ ቦታ ነው።

«ስዋፑ ባዶ ነው» አሉ የክፍሉ ኃላፊ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ጽፈሽ ተመልከቺ፤ ጥቅም ላይ የዋለው ዜሮ ይላል። ከመናገርሽ በፊት አንብቢ።»

ፊቷ ቀላ፤ ግን አላፈገፈገችም። «እርስዎ የሚያዩት የከርነሉን መዝገብ ነው። ዲስኩ ላይ ያለውን ገና አልጠየቅነውም። ከፈቀዱልኝ ላሳይዎት።»

አልፈቀዱም። ጊዜ የለንም ብለው ወደ ስብሰባ ሄዱ። እኔ ወንበሬን ለቀቅሁላት።

የተናገረችው ትክክል ነበር። ከርነሉ ወደ ስዋፕ ያወጣውን የሜሞሪ ቁራጭ ሲመልስ ቦታውን ነፃ ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ አይደመስሰውም። ተከራይ ለቀቀ ማለት ቤቱ ተጠረገ ማለት አይደለም። ያ ማሽን ደግሞ ለሳምንታት የጭነት ሙከራ የተሠራበት ነው፤ ሜሞሪው ስንት ጊዜ ሞልቶ ወደ ስዋፕ እንደፈሰሰ እኛው እናውቃለን።

ስትሪንግስ በተባለው ትእዛዝ የስዋፕ ክፍልፋዩን በቀጥታ ከዲስኩ አነበበችና ከሚነበቡት ፊደላት መካከል የዳታቤዙን የተጠቃሚ ስም ፈለገች። አራት መስመሮች ወጡ። በሦስተኛው ላይ የይለፍ ቃሉ እንዳለ፣ ያለምንም ምስጠራ ተቀምጧል። ሳላስበው ስክሪኑን በእጄ ሸፈንኩት፤ በክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። ከዚያ ማሽን የተወሰደው ያለፈው ወር ምስል ለደንበኛ ተልኳል። የይለፍ ቃሉን በዚያው ምሽት ቀየርነው።

ማጽዳቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በስዋፕኦፍ ትእዛዝ ስዋፑን አጠፋሁትና በዲዲ ትእዛዝ ክፍልፋዩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ሞላሁት። «በመሣሪያው ላይ ቦታ አልቀረም» ብሎ ቆመ። በሌላ ጊዜ የሚያስደነግጥ መልእክት ነው፤ እዚህ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ባይት መድረሱን የሚያበስር ነው። ከዚያ በኤምኬስዋፕ ትእዛዝ ስዋፑን እንደገና ሠራሁት። ምስሉ 6 ጊጋባይት ሆነ።

በማግስቱ ማሽኑን ስናስነሣው በስክሪኑ ላይ የመጠበቅ ምልክት የሆነው ቀዩ ኮከብ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተመላለሰ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ አስጠበቀን።

«የድሮውን መለያ መዝግበውት ነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ።

አልመዘገብኩትም። ኤምኬስዋፕ ለክፍልፋዩ አዲስ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማሽኑ ሲነሣ የሚያነበው የክፍልፋዮች ዝርዝር፣ ኤፍኤስታብ፣ ደግሞ አሮጌውን ይጠብቃል። አሮጌውን ቁጥር እዚያው ኤፍኤስታብ ውስጥ አገኘችው፤ በኤምኬስዋፕ የዩ አማራጭ መልሳ ሰጠችው። ማሽኑ ወዲያው ተነሣ።

በወሩ መጨረሻ ኃላፊው ለበላይ አካል ባቀረቡት ሪፖርት ምስሉ «በክፍሉ አመራር በተደረገ ጥናት» ከግማሽ በታች መውረዱ ተነበበ። ስለ ይለፍ ቃሉ አንድ ቃል አልነበረም። እኔም በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ነበር፤ እጄን ማንሣት ስችል አላነሣሁም። እርሷ ማስታወሻ ደብተሯን ዘግታ በመስኮት ታይ ነበር።

ምስል ባዘጋጀን ቁጥር ስዋፑን የሚያጸዳውን ስክሪፕት የጻፍኩት በዚያው ሳምንት ነው። የመጀመሪያው መስመር ስሟንና ያን ጥያቄዋን ይዟል፦ «ስዋፑ ስንት ነው?» እርሷ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከሄደች ቆይታለች። ኃላፊው መስመሩን እንዳጠፋው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ አላጠፋሁትም።