ኩባ ያደጉት ጋሼዎች

ዛሬ ጥቁር አንበሳ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ የጠያቂ ሰዓት አልደረሰም ተባልኩና፣ ፊት ለፊት ያለው ትግላችን ሐውልት ጋ ጎራ አልኩ። ሁሌ በታክሲ ነው የማልፈው። የኩባ ወታደሮች ፎቶ ተደርድሯል። ልጆች ናቸው በቃ! 1970 ላይ ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት ለእኛ ሊዋጉ መጥተው ኦጋዴን የቀሩ።

አጠገቤ ሁለት ጎልማሶች በአማርኛና በስፓኒሽ እየቀላቀሉ ይቀላለዳሉ። አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ይሄን ቋንቋ የት ተማሩት?» አልኩ አንዱን።

«ኩባ ነዋ! እዚያ ነው ያደግነው።»

በደርግ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች፣ ብዙዎቹ አባታቸውን በጦርነት ያጡ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባል የኩባ ደሴት ተልከው ነበር። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ። ሐኪም፣ መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ ብዙ ናቸው። ይሄን ያደረገችው ደግሞ ራሷ በአሜሪካ ማዕቀብ የታነቀች አገር ናት።

እርግጥ ኩባዎቹ ለጽድቅ ብቻ አልመጡም፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ስሌት ነበረበት፣ ሶማሊያ ውስጥ ደግሞ ይሄ ታሪክ በሌላ ዓይን ነው የሚታየው። ግን ሰውዬው ስለ ኩባ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። የትኛው ኤምባሲ ነው ይሄን ፍቅር በግብዣ የሚገዛው?

እኛም እኮ እናውቅበት ነበር። ጃንሆይ ለሌሎች የአፍሪካ አገር ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጡ ነበር። አሁንም የደቡብ ሱዳን ልጆች ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ይማራሉ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን ሲቀመጡ ግን ሰላም እንኳ የምንላቸው አይመስለኝም።