43 ሥዕል ለአንድ ጉርሻ

ዛሬም ደብሮኛል። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል፤ ያ ሰውዬም አልደወለም። ደቂቃ በደቂቃ እያየሁ ከምቃጠል ብዬ የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ ሶፋው ትራስ ሥር ከተትኩት። ምስር ጣድኩና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የአምስተርዳሙን ራይክስሙዚየም ድረ ገጽ ስጎረጉር ያኮብ ደ ሄይን የሣላቸው ወታደሮች ላይ ደረስኩ።

ሥዕሎቹ ያሉበት መጽሐፍ እዚሁ ዘ ሄግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1607 የታተመ የመሣሪያ አያያዝ ማስተማሪያ ነው። ሆላንዶች ከስፔን ጋር ይዋጉ በነበረበት ዘመን። መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ 117 ሥዕል አለው፦ 42ቱ የቀላል ጠመንጃ፣ 43ቱ የሙስኬት (ከበድ ያለው ጠመንጃ)፣ 32ቱ የረጅም ጦር። ጦር ያዦቹን ቶሎ ቶሎ አለፍኳቸው። ሙስኬተኛው ጋ ስደርስ ግን ቀረሁ።

ሰውዬው ዝንጥ ብሏል። ባርኔጣው ላይ ላባ ሰክቷል፤ ሱሪው እንደ ከረጢት ተነፍቷል። ግራ እጁ ጣቶች መሃል የሚጨስ ገመድ ይዟል፤ መተኮሻ እሳቱ መሆኑ ነው። ደረቱ ላይ ደግሞ ባሩድ የያዙ ትንንሽ የእንጨት ቀፎዎች ተንጠልጥለዋል፣ እያንዳንዱ ለአንድ ተኩስ ተለክቶ። እሳትና ባሩድ አንድ ሰው ላይ! አንዱ ሥዕል ላይ ጉንጩን ነፍቶ የተራረፈውን ባሩድ እፍ ይላል። እማዬ ቆሎ ስታበርድ ልክ እንደዚህ ናት።

ከዚያ ጠመንጃውን በአፈሙዙ ባሩድና የእርሳስ ጥይት ያጎርሰዋል።

ቆይ ግን፣ ጠመንጃን መጀመሪያ «አጎረሰ» ያለው ማን ነው? አፍ አለው፣ ይጎርሳል፣ ከዚያ ይጮሃል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ውጊያ ላይ እርሳሱን በገዛ አፋቸው ይይዙት ነበር። ከራስ አፍ አውጥቶ ለጠመንጃ አፍ! እንዲህ ያለ ጉርሻ እኔ እንኳ ለማንም አጉርሼ አላውቅም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይላሉ፤ የዚህኛው ማጣላትስ አያጠራጥርም።

የሚያጣላው ከማን ጋር እንደሆነ ግን አይታይም። ወታደሩ ብቻውን ነው። ጠላት የሚባል ነገር ሥዕሉ ውስጥ የለም። 43 ጊዜ ተሽሞንሙኖ ለማን ነው የሚያጎርሰው እያልኩ ወደ ኋላ ስመለስ፣ እንደገና ስቆጥር፣ ሽታው መጣ።

ምስሩ አርሯል። ያላረረውን ከድስቱ ላይ በማንኪያ ቆሜ በላሁ። አጉራሽ የለ፣ ተጎራሽ የለ።

ስልኩን አሁን ሳወጣው ሁለት ጊዜ ተደውሏል። ምን ብዬ ልመልስለት? «ጠመንጃ ሲጎርስ እያየሁ ነበር» ልበለው?