ሃይላንዴን የወሰደችብኝ
ዛሬ ኢንዶኔዥያ፣ ባሊ ደሴት፣ ኡቡድ፣ የጦጣዎቹ ደን ውስጥ ተዘረፍኩ። ዘራፊዋ ልጇን ሆዷ ላይ ያንጠለጠለች ጅራተ ረጅም ጦጣ ናት። ሃይላንዴን ከቦርሳዬ ኪስ መንጭቃ ቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ ቁጭ! ክዳኑን በጥርሷ ይዛ ዞር ዞር አደረገችው፤ ተከፈተ። ውሃውን ድንጋዩ ላይ ደፋችና ተረጋግታ ትልሰው ጀመር። (እኔ ያንን ክዳን ለመክፈት ስንት ታግያለሁ!)

ጥበቃውን አየሁት። ሳቀ፤ “ቤቷ እኮ ነው” አለኝ።

አጠገቧ ያለው ትልቅ ዛፍ ነጭና ጥቁር ዳማ ጨርቅ ታጥቋል። ቅዱስ ስለሆነ ነው። እኛ አገር የደብር ዛፍ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው ይባላል፣ ስለዚህ አይቆረጥም። እዚህ ደግሞ ዛፉን ራሱን ያለብሱታል።

ባዶውን ሃይላንድ ልጇ እያኘከው ትቻቸው ወጣሁ።